ገበያ ሲቀዘቅዝ ወደ ገበያ የሄዱት

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ላስ ቬጋስ፣ 1999። የአሜሪካ ጫማ አምራቾችና ቸርቻሪዎች በሚሰባሰቡበት ትልቅ የንግድ ትርዒት ውስጥ ሁለት ሰዎች ከአንዱ ማሳያ ወደ ሌላው ይዞራሉ። አንደኛው ኒክ ስዊንመርን ነው። የሚፈልገውን ጫማ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ በማጣቱ "ጫማ በኢንተርኔት መሸጥ አለበት" ብሎ የተነሳ ወጣት ነው። ሁለተኛው ፍሬድ ሞስለር ነው። ኖርድስትሮም በተባለው ስመ ጥር መደብር የጫማ ክፍል ውስጥ የሠራ፣ ጫማውንም ጫማ ሻጩንም የሚያውቅ ሰው ነው። በእጃቸው ያለው አንድ ሐሳብና ገና ያልታወቀ ድረ ገጽ ብቻ ነው።

ወደ 80 የሚጠጉ ብራንዶችን አናገሩ። እሺ ያሏቸው 3 ብቻ ናቸው።

ከ80 ሦስት! ወጪና ገቢ ብቻ ለሚያሰላ ሰው ይህ ጉዞ ኪሳራ ነው። የትኬት ገንዘብ፣ የሆቴል ገንዘብ፣ የእግር ድካም፣ ከዚያም በላይ 77 ጊዜ ያህል "አይሆንም" መባል። ነገር ግን ዛፖስ የተባለው የኢንተርኔት ጫማ ሱቅ የቆመው በእነዚያ ሦስት እሺታዎች ላይ ነው። በ2000 የሸጠው 1.6 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። በ2008 ዓመታዊ ሽያጩ ከ1 ቢሊዮን ዶላር አለፈ።

በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ሁለት የኢኮኖሚ ድቀቶች አሉ። ጉዳዩም እዚያ ላይ ነው።

ኢኮኖሚ በተቀዛቀዘ ቁጥር ከነጋዴ በጀት ላይ መጀመሪያ የሚሰረዘው ጉዞ ነው። አውደ ርዕይ፣ ጉባኤ፣ የዘርፉ ዓመታዊ ስብሰባ ሁሉም እንደ ቅንጦት ይቆጠራል። በኢንተርኔት የሚሸጥ ነጋዴ ደግሞ ሌላም ምክንያት አለው። ደንበኛው በስልክ ውስጥ ነው፣ ዕቃ አቅራቢውም በስልክ ውስጥ ነው፤ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ቢዝነስ ካርድ መለዋወጥ ለእሱ ምን ይጠቅመዋል? ጥያቄው ተገቢ ነው። የዘርፉ ታሪክ የሚሰጠው መልስ ግን ብዙ ሰው ከሚጠብቀው የተለየ ነው።

▪️ ደንበኛው ስክሪን ላይ፣ አቅራቢው አዳራሽ ውስጥ

እነዚያ 77 ብራንዶች እምቢ ያሉት ሞኝ ስለሆኑ አልነበረም። የብራንድ ባለቤት የሚፈራው ጫማው የትም ተጥሎ በርካሽ ሲቸበቸብ ማየትን ነው። ጫማውን ለመደብር ሲሰጥ መደብሩን ያያል፣ መደርደሪያውን ያያል፣ ሻጩን ያያል። ለድረ ገጽ ሲሰጥ ምን ያያል? በ1999 ዓይን ድረ ገጽ ማለት አድራሻ የሌለው ሱቅ ነበር። "ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል" ይላል የእኛ ሰው፤ ዓይኑ የሚያየው በሌለበት ልቡ እንዴት ይፍረድ?

የሞስለር ጥቅም እዚህ ላይ ነበር። ድረ ገጹን ማንም ባያውቀውም እሱን የሚያውቁት ነበሩ። በጫማው ንግድ ውስጥ ስም ያለው ሰው በአካል መጥቶ "እኔ አለሁበት" ሲል ድረ ገጹ ፊት አገኘ። ከትርዒቱ የተገኘው ትልቁ ነገር ዕቃው ሳይሆን ይህ ፊት ነበር።

ከዚያ ክፉው ቀን መጣ። የአሜሪካ የቴክኖሎጂ አክሲዮኖች መለኪያ የሆነው ናስዳክ መጋቢት 2000 ላይ ከፍተኛው ጣሪያ ላይ ደርሶ ቁልቁል ወረደ። በ2002 መኸር ታችኛው ወለል ላይ ሲያርፍ ሦስት አራተኛ በላይ ዋጋውን አጥቶ ነበር። በግንቦት 2000 ቡ ዶት ኮም የተባለው የለንደን የፋሽን ድረ ገጽ ወደቀ። በኅዳር ፔትስ ዶት ኮም ተዘጋ። በ2001 የአሻንጉሊት ሻጩ ኢቶይስ እና አስቤዛ አመላላሹ ዌብቫን ተከተሉ። "በኢንተርኔት እሸጣለሁ" የሚል ሰው ባለሀብት ዘንድ ሲገባ ፊት የሚዞርበት ጊዜ ሆነ።

ዛፖስም ገንዘብ አጥሮት ነበር። ዋና ደጋፊው ቶኒ ሼይ፣ ቀድሞ ያቋቋመውን ሊንክኤክስቼንጅ የተባለ ኩባንያ ለማይክሮሶፍት ሸጦ ካገኘው ገንዘብ ወደ ዛፖስ ሲያፈስ ቆየ። ሽያጩ ግን ዓለም ሁሉ ሲወድቅ ያድግ ነበር፤ በ2001 ወደ 8.6 ሚሊዮን፣ በ2002 ወደ 32 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ።

ይህ እድገት የመጣው ከአቅራቢዎች ጋር በተሠራ ሥራ ጭምር ነው። የጫማ ድረ ገጽ መልኩ ቢያምርም የገዢው ቁጥር ወይም ቀለም ከሌለ ከንቱ ነው። ብራንዶች አንድ በአንድ መጨመር፣ ቀድሞ እምቢ ያሉት ዘንድ በሚቀጥለው ወቅት ተመልሶ መሄድ ነበረበት። ኩባንያው አቅራቢዎቹ የገዛ ዕቃቸውን ሽያጭና ክምችት በኮምፒዩተር እንዲያዩ ፈቀደላቸው። በላስ ቬጋስ የጫማ ትርዒት ሰሞንም አቅራቢዎቹን የሚያከብርበት ድግስ ይደግስ ነበር። በ77 አይሆንም የተጀመረው ጉዞ አቅራቢዎች ወደሚጋበዙበት ድግስ ተለወጠ።

እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት ነገር አለ። ጊዜ ሲከፋ ነጋዴን የሚያኖረው ጥሬ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ዱቤ ነው። ዕቃውን ዛሬ ልኮ ክፍያውን ከሁለት ወር በኋላ የሚቀበል አቅራቢ በድቀት ዘመን ከባንክ ይበልጣል። አቅራቢውም በዚያው ድቀት ውስጥ ነውና ለሁሉም ዱቤ መስጠት አይችልም፤ ይመርጣል። ሲመርጥ ደግሞ የሚያስበው ፊቱን የሚያውቀውን ሰው ነው።

▪️ ትልቁ አዳራሽ ሲሞት

ይህን ሁሉ ሰምቶ "እንግዲያው ጉባኤ የተባለ ሁሉ ይጠቅማል" የሚል ካለ ያው ዘመን መልስ አለው።

በላስ ቬጋስ ከተማ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ኮምዴክስ የሚባል የኮምፒዩተር ትርዒት ይካሄድ ነበር። በደጉ ዘመን ከ200 ሺህ በላይ ሰው ይጎርፍበት ነበር። የጃፓኑ ሶፍትባንክ በ1995 ሲገዛው ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሏል፤ ሻጩ ሼልደን አደልሰንም በዚያው ከተማ ቬኔሺያን የተባለውን ግዙፍ ሆቴልና ቁማር ቤት ሠራ። ድቀቱ ሲመጣ ግን ኩባንያዎች አንድ በአንድ ቀሩ፤ ባለቤት የሆነው ድርጅት በ2003 መጀመሪያ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ የመጨረሻው ትርዒት በዚያው ዓመት ኅዳር ተካሄደ። የ2004ቱ ተሰረዘ፤ ኮምዴክስ በዚያው ቀረ።

የጫማው ትርዒትና ኮምዴክስ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን ነበሩ። ልዩነታቸው ሰው የሚመጣበት ምክንያት ነው። ወደ ጫማው ትርዒት የሚመጣው ሰው የሚቀጥለውን ወቅት ጫማ ለማዘዝ ነው፤ ካልመጣ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። ኮምዴክስ በበኩሉ ከጊዜ ወደ ጊዜ የሁሉም ነገር መድረክ ሆኖ ነበር። ታላላቅ ሰዎች ይናገራሉ፣ አዲስ ዕቃ ይታያል፣ ጋዜጠኛ ይጽፋል። ገንዘብ ሲትረፈረፍ ይህ ያምራል። ገንዘብ ሲጠፋ ግን ሰው "እዚያ ሄጄ ምን ይዤ እመለሳለሁ?" ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ ያጣ ትርዒት ይሞታል።

ድቀት ወንፊት ነው። ነጋዴውን ብቻ ሳይሆን ጉባኤውንም ይነፋል።

▪️ ጓንዡ፦ በክፉ ቀን የተወለደ ገበያ

ከአሜሪካ ወደ ቻይና እንሻገር፤ በኢንተርኔት የሚሸጠው ዕቃ ብዙው የሚመጣው ከዚያ ነውና።

በደቡብ ቻይና በጓንዡ ከተማ የሚካሄደው የካንቶን የንግድ ትርዒት የተጀመረው በሚያዝያ 1957 ነው። ጊዜው ለቻይና የተመቸ አልነበረም። አሜሪካ በኮሪያ ጦርነት ሰበብ የጣለችው የንግድ ማዕቀብ በቦታው ነው፤ አገሪቱ ለኢንዱስትሪዋ የሚሆን የውጭ ምንዛሪ አጥታለች። መፍትሔ ተብሎ የታሰበው ሻጭ ወደ ውጭ መሄድ ካልቻለ ገዢውን ወደ ቤት መጥራት ነበር። በመጀመሪያው ትርዒት ከ19 አገሮችና ግዛቶች 1,223 ገዢዎች መጡ፤ የ17.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ውል ተፈረመ። ዛሬ ካለው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። በር ግን ተከፈተ።

ከዚያ በኋላ በጸደይና በመኸር፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ሳያቋርጥ ቀጠለ። የባህል አብዮቱ አገሪቱን ባመሰበት በ1967 እንኳ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዡ ኢንላይ ራሳቸው ወደ ጓንዡ ወርደው ትርዒቱ እንዳይስተጓጎል ወጣቶቹን አብዮተኞች ለምነዋል፣ አስጠንቅቀዋልም። ቻይና ከውጭው ዓለም ጋር የነበራት የንግድ ክር እንዳይበጠስ ነው።

አሁን ወደ 2003 እንምጣ። ከጓንዡ በስተሰሜን፣ በሃንዡ ከተማ አሊባባ የተባለ ድርጅት አለ። ጃክ ማ የተባለ የቀድሞ የእንግሊዝኛ መምህር ከ17 ባልደረቦቹ ጋር በ1999 በመኖሪያ ቤቱ የመሠረተው ነው። ሥራው የቻይናን ትንንሽ ፋብሪካዎች ከውጭ ገዢዎች ጋር በኢንተርኔት ማገናኘት ነው። በሌላ አነጋገር የካንቶንን ትርዒት በዓመት 365 ቀን ክፍት ማድረግ ነበር ሕልሙ።

ይህ ድርጅትም የ2000ውን ውድቀት ቀምሷል። የሚገርመው ውድቀቱ መሐል ላይ ያደረገው ነገር ነው። በመስከረም 2000፣ የኢንተርኔት ኩባንያዎች አክሲዮን በሚረግፍበት ሰሞን፣ ማ የቻይናን ዋና ዋና የኢንተርኔት መሪዎች ሃንዡ ላይ፣ በታዋቂው ምዕራብ ሐይቅ ዳርቻ ለጉባኤ ጠራቸው። የሲና፣ የሶሁ፣ የኔትኢዝና የ8848 አለቆች ከባዶ እጁ ከመጣ ጠሪ ግብዣ ለምን ሄዱ? ማ ጂን ዮንግን ስለጋበዘ ነው፤ ቻይናውያን በልጅነታቸው ታሪኮቹን ያነበቡለት፣ የጎራዴ ጀግኖች ደራሲ። በአንድ ቀን ጉባኤ ገና ያልታወቀው አሊባባ ከአገሪቱ ዋና ዋና ድረ ገጾች እኩል ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ስም ብቻውን ግን እንጀራ አይሆንም። በተከታዮቹ ወራት ድርጅቱ የውጭ ቢሮዎቹን ዘጋ፣ ሠራተኛ ቀነሰ። ለ2002 የያዘው ዕቅድም አንድ ዩዋን ማትረፍ ነበር፤ አንዲት ዩዋን! ያኖረው "የወርቅ አቅራቢ" ብሎ የሰየመው አገልግሎት ነው። ክፍያ የሚፈጽሙ ፋብሪካዎች በድረ ገጹ ላይ ጎልተው እንዲታዩ የሚያደርግ አገልግሎት ሲሆን የተሸጠው በኢንተርኔት አልነበረም። ወጣት ሻጮች የዢጂያንግ ክፍለ አገርን ፋብሪካዎች በር ለበር እያንኳኩ፣ ከባለቤቱ ጋር ሻይ እየጠጡ የሸጡት ነው። የኢንተርኔቱ ገበያ በእግር ተገነባ።

በ2003 ጸደይ ሳርስ የተባለው የመተንፈሻ አካል ወረርሽኝ ደቡብ ቻይናን አጠቃ። የካንቶን ትርዒት አልተሰረዘም፤ ገዢ ግን ቀረ። ባለፈው መኸር ከ18 ቢሊዮን ዶላር በላይ የነበረው ውል ወደ 4.42 ቢሊዮን ወረደ። ከአሊባባ ሠራተኞች አንዷ ለሥራ ወደዚያ ትርዒት ሄዳ ነበር። ስትመለስ ታመመች፤ በሳርስ ተጠረጠረች። በግንቦት መጀመሪያ ወደ 500 የሚጠጉ የድርጅቱ ሠራተኞች በሙሉ ኮምፒዩተራቸውን ተሸክመው ቤታቸው ውስጥ ተዘጉ። በድርጅቱ ሰዎች ዘንድ ዛሬም እንደሚወራው፣ የቤት ስልክ ሲጠራ እናትና አባት እያነሱ "ጤና ይስጥልኝ፣ አሊባባ ነው" ይሉ ነበር። በዚያው ሳምንት፣ ግንቦት 10፣ ታኦባኦ የተባለው የችርቻሮ ገበያቸው ሥራ ጀመረ።

ይህን ታሪክ ብዙዎች የሚተርኩት "ኢንተርኔት አዳራሹን ያሸነፈበት ቀን" አድርገው ነው። እውነት አለው፤ ወደ ጓንዡ መምጣት ያልቻለ ገዢ በኮምፒዩተር ፈልጓል። ግን ግማሹ ታሪክ ይቀራል። በዚያው ዓመት መኸር የካንቶን ትርዒት ውል ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ፤ ከወረርሽኙ በፊት ከነበረውም በለጠ። ኢንተርኔቱም አዳራሹም አብረው አደጉ። ገዢው በስክሪን ያገኘውን ሰው በአካል ሊያይ መጣ፤ በአካል ያየውን ደግሞ በስክሪን ማዘዙን ቀጠለ።

▪️ 2008፦ ስብሰባ ነውር የሆነበት ዓመት

በመስከረም 2008 ሌህማን ብራዘርስ የተባለው የኒው ዮርክ ባንክ ወደቀ፤ ዓለምም ተከተለው። በዚያው ወር የአሜሪካ መንግሥት በሕዝብ ገንዘብ ከሞት ያዳነው ኤአይጂ የተባለ የኢንሹራንስ ድርጅት፣ ከተረፈ ከቀናት በኋላ በካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ቅንጡ ሆቴል ውስጥ ከ440 ሺህ ዶላር በላይ የወጣበት መዝናኛ ያለው ስብሰባ አካሄደ። ወሬው ሲወጣ ሕዝቡ ተቆጣ። በየካቲት 2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ ራሳቸው የሕዝብ ገንዘብ የወሰዱ ድርጅቶች በግብር ከፋዩ ወጪ ወደ ላስ ቬጋስ መሄድ እንደማይችሉ ተናገሩ። ጎልድማን ሳክስ ቬጋስ ላይ ያሰበውን ስብሰባ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ አዛወረ፤ ለስረዛው ብቻ ወደ 600 ሺህ ዶላር ከፈለ! ወጪ ለመቀነስ ሳይሆን ላለመታየት የወጣ ወጪ ነው።

ከዚያ በኋላ ጉባኤ መሄድ በራሱ ነውር መሰለ። በሕዝብ ገንዘብ የተረፈ ባንክ ላይ የተሰነዘረው ቁጣ ዕቃ ፍለጋ የሚሄደውን ትንሽ ነጋዴም ነካው። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። ባንኩ የሄደው ሊያርፍ ነው፤ ነጋዴው የሚሄደው ሊያዝ፣ ሊደራደር ነው።

ለኢንተርኔት ነጋዴዎች ጊዜው አዲስ ፈተና ነበር። በ2008 የመጨረሻ ሩብ ዓመት የአሜሪካ የኢንተርኔት ችርቻሮ መንግሥት መመዝገብ ከጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዓመቱ በፊት ከነበረው ቀነሰ። ዛፖስ በኅዳር 2008 ከሠራተኞቹ 8 በመቶውን አሰናበተ። በካንቶን ትርዒትም በ2008 ጸደይ 38 ቢሊዮን ዶላር የነበረው ውል በመኸሩ ወደ 31.5፣ በ2009 ጸደይ ወደ 26 ቢሊዮን ወረደ።

በጓንዡ አካባቢ የሆነው ደግሞ ከቁጥር በላይ ነው። በጥቅምት 2008 ዶንግጓን ውስጥ ስማርት ዩኒየን የተባለ የአሻንጉሊት አምራች በድንገት ተዘጋ። ለማቴልና ለሃስብሮ የሚሠራ ትልቅ ፋብሪካ ነበር። ከ6 ሺህ በላይ ሠራተኞች በር ላይ ቀሩ። እንዲህ ያሉ ፋብሪካዎች ብዙ ነበሩ።

ራሱን በሩቅ አገር ባለ የኢንተርኔት ነጋዴ ቦታ የሚያስቀምጥ ሰው አደጋው ይገባዋል። ቀብድ ከፍሏል፤ የፋብሪካው ድረ ገጽ አለ፤ ፎቶው ያምራል፤ የኢሜይል መልስ ይመጣል። ማሽኑ ግን ቆሟል። ፋብሪካ ሲሞት ድረ ገጹ አብሮት አይሞትም። ይህን ቀድሞ የሚሰማው አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ነው። "እገሌ ዘንድሮ ማሳያ አልያዘም" የምትለዋ አንዲት ወሬ የቀብድ ገንዘብ ታድናለች።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። አሊባባ በድቀቱ ዘመን ትንንሽ ፋብሪካዎችን ለመሳብ "የወርቅ አቅራቢ" ክፍያውን ከግማሽ በታች ዝቅ አደረገ፤ አባላቱ በፍጥነት በዙ። በየካቲት 2011 ድርጅቱ ራሱ መርዶውን አወጣ። በ2009ና በ2010 የወርቅ ምልክት ከተሰጣቸው አቅራቢዎች መካከል 2,326ቱ ገዢን ያጭበረበሩ ሆነው ተገኙ፤ ወደ 100 የሚጠጉ የሽያጭ ሠራተኞችም ዓይናቸውን ጨፍነው አሳልፈዋል። የአሊባባ ዶት ኮም ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዴቪድ ዌይ ከኃላፊነት ለቀቀ። ሰው ስክሪን ላይ ያመነው የወርቅ ምልክት፣ በር ለበር በሚሄድ ሻጭ ታማኝነት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ያ ሻጭ ሲዋሽ ምልክቱም ዋሸ።

የድርጅቱን ስም ለማዳን ግን መሪዎቹ ጥፋቱን ራሳቸው በይፋ ተናግረዋል። ትምህርቱም ለገዢው ነው፦ ጊዜ ሲከፋ አጭበርባሪ ይበዛል፤ ሰው ሲቸገር ያልነበረበት ዓመል ያወጣል። ስለዚህ ማየት የሚያስፈልገው በደጉ ቀን ሳይሆን በክፉው ነው።

▪️ ያተረፉት ምን ለየአቸው?

ከእነዚህ ታሪኮች "በድቀት ጊዜ ጉባኤ ሂዱ" የሚል ደረቅ ምክር ማውጣት ስህተት ነው። ከተረፈ ሰው ታሪክ ብቻ መማር ያሳስታል፤ የወደቁት ፔትስ ዶት ኮምና ኢቶይስም በዘመናቸው መድረክ አልጠፋባቸውም። ትርዒት የታመመ ንግድን አይፈውስም። የሥራ ማስኬጃውን አሟጦ ለትኬት የሚያውል ነጋዴ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" የሚለው ተረት ባለቤት ይሆናል።

ያተረፉት በሦስት ነገር ይመሳሰላሉ። አንደኛ፣ የሄዱት ውል ወደሚፈረምበት ገበያ ነው፤ ንግግር ወደሚደመጥበት መድረክ አይደለም። ንግግሩ ዛሬ ቤት ሆኖም ይሰማል፤ የአቅራቢ ዓይን ግን ቤት አይመጣም። ሁለተኛ፣ ስም ይዘው ሄደዋል፤ እነማንን እንደሚያገኙ ከመነሳታቸው በፊት ያውቃሉ። ሞስለር እነማንን እንደሚያናግር ያውቅ ነበር። ሦስተኛ፣ ተመልሰዋል። በመጀመሪያው ዓመት 3 እሺታ ያገኘ ሰው በሁለተኛው ዓመት ቢቀር ኖሮ ከሦስቱ አያልፍም ነበር።

ድቀት ራሱ የሚሰጠው ስጦታም አለ። በደግ ዘመን ትልቁ ፋብሪካ ትንሹን ገዢ ቀና ብሎ አያየውም፤ ትእዛዝ ሞልቶታል። ገዢ ሲቀር ግን የማሳያው ወንበር ባዶ ይሆናል። በደግ ቀን ሺህ ፍሬ ካላዘዝክ የሚል ፋብሪካ በክፉ ቀን መቶ ፍሬ ተቀብሎ ይደራደራል። ከ2008 በኋላ የዓለም ንግድ በትንንሽ ትእዛዝ መሙላቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ አስመጪዎች ክምችት ፈርተው ጥቂት ጥቂት ማዘዝ ጀመሩ። አሊባባም በ2010 አሊኤክስፕረስን የከፈተው በዚህ ትንሽ ትእዛዝ ላይ ነው።

▪️ ወደ እኛ ሲመጣ

ለኢትዮጵያዊ ነጋዴ ጓንዡ የሩቅ ስም አይደለም። ከቦሌ ተነስቶ እዚያ የሚያርፈውን አውሮፕላን የመርካቶ አስመጪ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ጃክ ማም በኅዳር 2019 አዲስ አበባ መጥቶ መንግሥት ከአሊባባ ጋር የኤሌክትሮኒክ ንግድ መድረክ ስምምነት ሲፈርም ተገኝቷል። በተከታዩ ዓመት የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጣ። ዛሬ በቴሌግራምና በቲክቶክ ጫማ፣ ልብስና የቤት ዕቃ የሚሸጡ ወጣቶች ብዙ ናቸው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ለእነዚህ ነጋዴዎች የአንድ ስህተት ዋጋ ከፍቷል። ድሮ በተሳሳተ አቅራቢ የጠፋ አንድ ሺህ ዶላርና ዛሬ የሚጠፋው አንድ ሺህ ዶላር በብር ሲመነዘሩ እኩል አይደሉም። የጉዞውም ዋጋ እንዲሁ ንሯል። ለብቻው ጓንዡ መሄድ የማይችል ነጋዴ ምን ያድርግ? አምስት ሆነው አንዱን መላክ፣ የአራቱን ዝርዝር ማስያዝ፣ ሲመለስ ያየውን ለአምስቱም እንዲናገር ማድረግ ለዕቁብተኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በሚደረጉ ባዛሮችና የንግድ ትርዒቶችም የዓመት በዓል ዕቃ ከመሸመት አልፎ አስመጪውን "ይህን ከየት ነው የምታመጣው? ስንት ቀን ዱቤ ትሰጣለህ?" ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

ደግሞስ የአገራችን ገበያ መቼ መሸጫ ብቻ ሆኖ ያውቃል? አዋጅ ነጋሪት ተጎስሞ የሚነገረው በገበያ ቀን ነበር። ባለዕዳ የሚገኘው በገበያ ነው፤ የሩቅ ዘመድ ደህንነት የሚሰማው በገበያ ነው፤ የእህል ዋጋ ከየትኛው አገር በኩል እንደሚወደድ የሚታወቀው በገበያ ነው። የሚሸጥ ባይኖረው እንኳ ገበሬው ገበያ ይወጣ ነበር፤ ለወሬው። ክፉ ዘመን ሲመጣ ደግሞ ወሬው ከእህሉ ይበልጥ ይፈለግ ነበር።

በኮቪድ ዘመን፣ በሰኔ 2020፣ የካንቶን ትርዒት ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ተካሂዷል። ማሳያው በቪዲዮ፣ ድርድሩ በስክሪን። አዳራሹ ከእንግዲህ አበቃለት ያሉ ነበሩ። በ2023 ጸደይ በሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ግን ገዢዎች ከመላው ዓለም እንደገና ጎረፉ። ሦስት ዓመት ሙሉ በስክሪን ሲነግዱ የቆዩ ሰዎች ትኬት ቆርጠው፣ ቪዛ ጠይቀው፣ ሻንጣ ተሸክመው መጡ።

የመጡት ካታሎግ ለማየት አልነበረም፤ ካታሎጉ ስልካቸው ላይ አለ። የመጡት ካታሎጉን የላከላቸውን ሰው ሊያዩ ነው።